በየማነ ካምፐር ውስጥ አይቼ ዝም ያልኩት

ሎንዶን፣ ጥር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ኂሩት፣

አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ለአራስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መላክ ነውር ሳይሆን አይቀርም። ግን ፊትሽ ቆሜ ልነግርሽ አልችልም፤ ስልክ ብደውልም የሚያነሳው የማነ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እሱው ባልሽ ባተርሲ የምሠራበት ጋራዥ ድረስ መጥቶ፣ ዘይት በዘይት የሆንኩትን ሰውዬ አቅፎ፣ «የልጃችን የክርስትና አባት አንተ ነህ፤ ኂሩትም እኔም ሌላ ሰው አናይም» አለኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «ቆይ ላስብበት።» ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ላስብበት ይላል? ቅር ብሎት ሄደ። ያሰብኩትን ይኸው ልንገርሽ።

እወድሽ ነበር። ጻፍኩት፤ አበቃ። ካሌዶኒያን ሮድ ያ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ቤት ውስጥ፣ እኔ ምድር ቤት አንቺ ፎቅ ላይ ስንኖር፤ ሆም ኦፊስ ለመኖሪያ ፈቃድ ጎን ለጎን ተሰልፈን ስንውል፤ ወንድምሽን ደርግ አሰረው የሚለው ወሬ የመጣ ለት አጠገብሽ ስቀመጥ እወድሽ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ የማነ መጣና በሦስተኛው ሳምንት ነገረሽ። ምን ያስቸኩለዋል እያልኩ ስበሳጭ ሠርጋችሁ ደረሰ። ሚዜም አደረጋችሁኝ፤ ሳቅሁ፣ ጨፈርኩ፣ ቤቴ ገብቼ አልጋዬን በቡጢ ደበደብኩት።

ከዚያ ያ ካምፐር መጣ። አልጋውም ምድጃውም ሽንት ቤቱም አንድ ላይ የተጠቀጠቀበት አሮጌ መኪና! የማነ ከአንድ ጡረተኛ እንግሊዝ ገዝቶት ሲመጣ ቤተ መንግሥት የገዛ ነበር የሚመስለው። «አገራችን መግባት ባንችል ቤታችንን ይዘን እንዞራለን» ሲል አንጀቴ አረረ። «ቤታችን» ያለው የአንቺንና የራሱን ነው።

ጥያቄውማ አይነሳ! በየቀኑ ደብተር ይዞ ይመጣል። «ዓለምሰገድ፣ በድልድይ ሥር ያልፋል?» «ቁመቱን ለካና ከመሪው ፊት ለጥፈው፤ ድልድይ ስታይ አንብበው።» «መንጃ ፈቃዴ ይበቃል?» «ይበቃል።» «የጋዙ ሲሊንደር ስንት ቀን ይሄዳል?» «እንደ አበሳሰላችሁ ነው፤ ወጥ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ያዝ።» «ክረምት ሲመጣ ውሃውስ?» «ከታንከሩም ከቧንቧውም አፍስሰው፤ አለዚያ በረዶ ሆኖ ያፈነዳልሃል።» «የሽንት ቤቱን ባልዲ ማነው የሚደፋው?» «አንተ ነሃ! ኂሩት ልትደፋልህ ኖሯል?» ይስቃል፤ ይጽፋል። በቅናት እየተቃጠልኩም ቢሆን አንዱንም አልዋሸሁትም።

በግንቦት፣ ልትሄዱ አንድ ቀን ሲቀራችሁ፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ «የመጨረሻ ቼክ አድርግልኝ» ብሎ ይዞት መጣ። ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ የጋዙን ቱቦ አየሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። እንዲህ ባለ መኪና ጣሪያው ላይና ወለሉ ላይ የአየር ቀዳዳ አለ። የሠራው ሰው ረስቶ የተወው አይደለም፤ የጋዝ ማሞቂያው ሲነድ ሰው እንዳያፍን ነው። የማነ ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅጥቆ ደፍኗቸዋል። «ነፋስ ይገባል፤ ኂሩትን ብርድ ይመታብኛል» አለኝ። እኛ እንደሆንን ነፋስ ስንፈራ ለጉድ ነው፤ አውቶቡስ ላይ እንግሊዙ የከፈተውን መስኮት ተነስተን የምንዘጋ እኛ ነን። ከሰል ቢሆን እሱም ያውቅ ነበር፤ ከሰል አፍኖ የገደለው ሰው ወሬ ያልሰማ ማን አለ? የጋዙ ግን አይጨስም፣ አይሸትም። በምን ይወቀው?

እኔ አውቅ ነበር። ልነግረውም አፌን ከፍቼ ነበር። ጎንበስ ስል የወለሉን ቀዳዳ የደፈነበት ጨርቅ አረንጓዴ ነው። ለልደትሽ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ገበያ መርጬ የገዛሁልሽ ሻርፕ። አንድ ቀን አንገትሽ ላይ አይቼው አላውቅም። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ኂሩት ናት የሰጠችኝ፤ አልፈልገውም ብላ።» ከዚያ ደስ ብሎት «እንዴት ነው ታዲያ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጎበዝ፤ ጥሩ አድርገህ ደፍነኸዋል» አልኩት። ትከሻውንም መታ መታ አደረግሁት።

እንዲሞት ፈልጌ ነበር? ራስ ምታት ይያዛቸው፣ ጉዟቸው ይበላሽ፣ ከዚያ በላይ አላሰብኩም እያልኩ ስምንት ወር ራሴን አታልያለሁ። ሞያዬ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ከነብርዱ ወረደ። አሁን ማሞቂያውን ይለኩሱታል አልኩ። መፍቻውን ጣልኩ። የአለቃዬን እርግማን ከኋላዬ ትቼ ከቪክቶሪያ ጣቢያ ባቡር ያዝኩ። ባሕር ዳር ካለችው ከዊትስተብል ከተማ ወጣ ብላችሁ የት እንደምታቆሙ አውቅ ነበር፤ መንገዱን ካርታ ላይ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭቃ ተለውሼ ስደርስ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። መታሁ፤ ዝም። ደግሜ መታሁ። አንቺ ራስሽን ይዘሽ ከፈትሽ፤ ፊትሽ ቀልቷል።

«አሁንስ በዛ ዓለምሰገድ! እዚህም ተከተልከን?» አልሽኝ። ለካ እንደምወድሽ ታውቂ ነበር።

ገፍቼሽ ገባሁ፤ ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ የማነን ከአልጋው ጎትቼ ሣሩ ላይ አስተኛሁት። ሲያስመልሰው አለቀስኩ። አንቺ ደግሞ ነገሩ ሲገባሽ እጄን ሳምሽው። «እንዴት አወቅህ?» ስትዪኝ «ልቤ ነገረኝ» አልኩሽ፤ ጨርቆቹን ነቅዬም ጥፋቱን በማሞቂያው ላይ አሳበብኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት «እግዜር የላከው ሰው» እያላችሁ ታወሩልኛላችሁ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እበላለሁ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ወሮቹን ቆጠርኩ። ያን ቅዳሜ ሦስት ነበራችሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ግን «ላስብበት» ያልኩት በዚህ ብቻ አይደለም። የማነ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነው። አበልጅ ከሆንን እኔና አንቺ ዘመድ ነን፤ ከእንግዲህ ምንም ቢመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን አንቺን ለእኔ አትድርም። ይህን አስቤ ቅር አለኝ! ምኑ ነው የቀረብኝ? ያ ተስፋ ከየማነ ሞት በቀር በየት በኩል ይመጣልኝ ነበር? ያን ለት ነው የገባኝ፤ ሐሙስ ዝም ያለው ሰውዬ እስከ አሁን ከውስጤ አልወጣልኝም።

ስለዚህ ይህን ለየማነ አንብቢለት፤ አንድም ቃል እንዳትዘይበት። ሌላ ሰው ከመረጣችሁ አልቀየምም። እኔን ካላችሁ ደግሞ አበልጅሽ ልሁንና ይህ ምኞቴ ይታሰርልኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም። የክርስትናው ለት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ እቆማለሁ። የማነ ራሱ ወጥቶ ልጁን ካላስታቀፈኝ አልገባም።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ የሚያፍረው፣
ዓለምሰገድ