ለክለባቸው ለቅሶ የተቀመጡት መምህር ካሱ ዳልጮ
(ከ1946 እስከ 2017 ዓ.ም.)

መምህር ካሱ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ዳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ ዶልቦ፣ ከዓባያ ሐይቅ በላይ በምትገኘው በኦቾሎ፣ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ጠዋት ጭጋጉ መንደሩን ሲውጠው ሐይቁም፣ ከብቱም፣ ጎረቤቱም ይጠፋና የሚቀረው የአባታቸው መወርወሪያ ድምፅ ብቻ ነበር ይሉ ነበር። ሕፃኑ ካሱም ድምፁን እየተከተሉ ጭጋጉ ውስጥ ይሄዱ ነበር። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ እኛ እንቅልፍ የወሰዳቸው እየመሰለን ቀስ ብለን እንነሣ ነበር፤ እርሳቸው ግን "ተቀመጡ፣ አልጨረስኩም" ይሉናል።

አንደኛ ደረጃን በኦቾሎ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ ከተማሩ በኋላ በመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1967 ዓ.ም. በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመረቁ። ቅርጫት ኳስን ያዩት እዚያ ነው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ስለነበር መምህራቸው ሌላ ስፖርት እንዲመርጡ መከሯቸው። እርሳቸውም "ወደ ላይ የሚሄደው ኳሱ ነው፤ እኔ እዚሁ እቆያለሁ" ብለው መለሱ። በካምባና በጨንቻ ካስተማሩ በኋላ በ1975 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ተዛወሩ። እዚያም ከጎንደር ተመድበው የመጡትን የጂኦግራፊ መምህርት ወይዘሮ እጅጋየሁን አግኝተው በ1978 ዓ.ም. በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ፤ በከተማዋ ላይኛው ሰፈር በሴቻ ቤት ሠርተው ደግነትን፣ ፅዮንን፣ እግዜር ደግሞ ዘግይቶ በ1994 ዓ.ም. የሰጣቸውን ኢያኤልን ወለዱ። ይህን የሚጽፈው የወይዘሮ እጅጋየሁ ወንድም ጥዑመልሳን ነው፤ አማች ነውና ሟቹን ጥቂት ቢነካካቸው ይፈቀድለት።

በ1982 ዓ.ም. መምህር ካሱ "ዓባያ ዳር" የተባለውን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጁን ቁምጣ አስለብሶ ሕዝብ ፊት የሚያቆም አባት ማግኘት ከጫሞ አዞ ጥርስ እንደ መንቀል ነበር። መምህር ካሱ ግን በየመንደሩ ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት አደባባይ፣ ተንበርክከው አባቶችን አንድ በአንድ ለመኑ። "ልጅህን ስጠኝ፣ ቀጥ ብላ እንድትቆም አድርጌ እመልስልሃለሁ" ይሉ ነበር። መለሱም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ነርሶች፣ ነጋዴዎች፣ እናቶች ናቸው፤ ሠርግ ላይ ሲገናኙ እንኳ ሳያስቡት እንደ ጨዋታ ቦታቸው ነው የሚሰለፉት።

በ2013 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ ወደየከተማው ተበተኑ፣ ድጋፉም ተቋረጠ፤ ክለቡ መፍረሱን የሚገልጽ አንድ መስመር ተኩል ደብዳቤ ደረሳቸው። መምህር ካሱ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በቀጥታ ወደ እድራቸው ሄደው ድንኳን ጠየቁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሰይፈሥላሴ ደንግጠው "ማን ሞተ?" አሏቸው። "ክለቡ" አሉ። ዳኛው የኳስ ቡድን በደንቡ ውስጥ እንደሌለ ሊያስረዱ ሲጀምሩ መምህር ካሱ "ልጅ ለሞተበት ሰው ደንብ ይነበብለታል እንዴ?" ብለው አቋረጧቸው። ድንኳኑ ወጣ። ሜዳው ዳር ተተክሎ ሦስት ቀን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሊስቅ መጣ፤ ሁለተኛው ቀን ግን የድሮ ተጫዋቾች ልጆቻቸውን አዝለው ሲደርሱ የሚስቅ አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን መምህር ካሱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ ዳግመኛ በዚያ ሜዳ ላይ ኳስ በዓይናቸው ላያዩ ማሉ።

ወይ መምህር ካሱ! ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። በጋሞ ምድር ደግሞ በሽማግሌ ፊት የተማለ መሐላ ሲፈርስ ጦሱ የሚወርደው በማለው ሰው ሳይሆን በልጁ ላይ ነው ይባላል።

በ2015 ዓ.ም. "ጫሞ ኮከብ" የተባለ ፕሮፌሽናል የሴቶች ቡድን በዓባያ ዳር ቦታ መጣ። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ፣ ቅርጫቱ ተለውጦ አማረ። አሠልጣኙ አስናቀ ከደሴ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ያንኳኳው በር የመምህር ካሱን ነበር። ቡድኑ በዓባያ ዳር ስም እንዲጠራ እንዲፈቅዱለትና እንዲመርቁት ለመነ። መምህር ካሱ ምሳ ጋበዙት፣ አጫወቱት፣ በመጨረሻም "ልጄ፣ የሟች ስም ለእንግዳ አይሰጥም" ብለው እስከ በሩ ሸኙት። ግማሹ ከተማ እርሳቸውን አክብሮ ሜዳ መግባት ተወ። አስናቀም ባዶ ወንበር እያየ አንድ ዓመት አጫወተ።

በ2016 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣ። የልብ ሕመማቸው ታወቀ፤ ሐኪሞቹም ለቤተሰቡ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ተናገሩ። ትንሿ ልጃቸው ኢያኤል ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመለስ፣ ለእናቷ ብቻ ነግራ ለጫሞ ኮከብ ፈረመች። አባት የሰሙት ከሬዲዮ ነው። "ኢያኤል ካሱ አሥራ አንድ ነጥብ" ሲባል ሬዲዮውን ዘጉት። አምስት ደቂቃ ቆይተው መልሰው ከፈቱት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ሴቻ ገደሉ አፋፍ ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ጀመር። ከታች ሲቀላ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሐይቆቹ ሰማይ ይሁኑ ምድር አይለዩም። ፊሽካውና የሕዝቡ ጩኸት በነፋስ ተጭኖ፣ አንዴ ደምቆ አንዴ ጠፍቶ ይደርሳቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው "አሁን ከግራ ገባች... አሁን ተቀማች..." እያሉ ጨዋታውን በጆሯቸው ያዩት ነበር። ወይዘሮ እጅጋየሁ ሜዳ ደርሰው ሲመለሱ ሊያረጋግጡ ይጠይቋቸዋል፤ እኅቴ ደግሞ ኳስ አያውቁም። "እንዴት ተጫወተች?" ሲባሉ "ብዙ ሮጠች፣ ውኃም ጠጣች" ነው መልሳቸው። መምህር ካሱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "ሃያ ዓመት ካርታ ያስተማርሽ ሴት!" ይሉ ነበር።

ልጃቸውን ማየት የሌሊትም የቀንም ሕልማቸው ሆነ። ኳሷ በዓባያ ውኃ ላይ እየነጠረች፣ ኢያኤልም ውኃው ላይ እየሮጠች ከሥሯ ስትከተል አየሁ ብለው ይነግሩን ነበር። ግን ሄደው ቢያዩ ጦሱ እርሷው ላይ ይወርዳል። የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተው ፈቷቸው። "እርስዎ ፈቱኝ፣ የማልኩት ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ነው" ብለው አልተነሡም። ወይዘሮ እጅጋየሁ አለቀሱ፣ ተቆጡ፤ እኛ አማቾቻቸውም "ድንጋይ ነው ይህ ሰው" አልን። ፈርተው እንደነበር የገባን በኋላ ነው።

መፍትሔው የመጣው ሕመምተኛ ሊጠይቁ ከመጡት ከአቶ ሰይፈሥላሴ ነው። ተቀምጠው ሲያወጉ ድንገት ሻይውን አስቀምጠው "ካሱ፣ የዚያን ክለብ አርባ አውጥተናል እንዴ?" አሉ። አላወጡም! ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ አርባውን የረሳው ነበር። አርባው ያልወጣለት ለቅሶ እንዳልተዘጋ፣ መሐላውም ባልተዘጋ ለቅሶ ላይ እንዳለ ሽማግሌዎቹ ተማክረው ተስማሙ። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሜዳው ላይ የዓባያ ዳር አርባ በአራት ዓመቱ ወጣ። ካህኑ "ለኳስ ፍትሐት የለኝም፣ ለአርባው የተጠበሰውን ዓሣ ግን እበላለሁ" ብለው አሳቁን። የጫሞ ኮከብ ልጆች ከነቁመታቸው ጎንበስ ብለው ሲያስተናግዱ ዋሉ። ሲበቃም ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከመምህር ካሱ ፊት ተንበረከኩ። አስናቀም አብሮ ተንበረከከ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከ አባት አይመለስም። መምህር ካሱ ሣሩን ተቀበሉ፤ መሐላውም ተነሣ።

በሳምንቱ፣ ኅዳር 14፣ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። መምህር ካሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በጨዋታው ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ኢያኤል ለኳስ ዘልላ በጎኗ ወደቀች፤ አልተነሣችም። መምህር ካሱ በትራቸውን ጥለው፣ ያ የደከመ ልባቸው እንዴት እንደቻለ እንጃ፣ መስመሩን አልፈው ገቡ። ዳኛው ምን ብሎ ፊሽካ እንደሚነፋ ግራ ገባው። እርሳቸው ጦሱ የወረደባት መስሏቸው "የማልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እያሉ ነበር የሚሄዱት። ያኔ ልጅቷ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና "አባባ፣ ደህና ነኝ፣ ሂድ ቁጭ በል!" አለቻቸው። ተነሥታም ተጫወተች። ቡድኑ በአራት ነጥብ ተሸነፈ። መምህር ካሱ ግን እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ ማታውኑ ለአስናቀ ስለ መከላከል ጉድለቱ ሦስት ገጽ ምክር አስጻፉለት።

በማግሥቱ ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ እጅጋየሁን አስጠርተው እንዲህ አሏቸው፦ "ኢያኤል ቅዳሜ ጨዋታ አላት። እኔ ብሄድ ነጠላ አዘቅዝቃ እንዳትቀመጥ። አራት ዓመት ለቅሶ ተቀምጬ ልጄን ከአንድ ቀን በቀር ሜዳ ላይ ሳላያት ቀረሁ፤ ይህን ለእሷ አታውርሷት።" መምህር ካሱ ዳልጮ ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ እጅጋየሁን፣ ልጆቻቸውን ደግነትን፣ ፅዮንንና ኢያኤልን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ የዓባያ ዳርንም ልጆች ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። ቤተሰቡ በኑዛዜው ላይ አልተስማማም ነበር፤ አባቷ በተቀበረ ማግሥት ኳስ የምትጫወት ልጅ በአገራችን አልታየም። ኢያኤልም ሁለት ሌሊት "አልችልም" ስትል አድራለች። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ማልያዋን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ አየናት።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ የመምህር ካሱ ሣልስት ነገ ቅዳሜ ነው። ከጽዮን ማርያም ንግሥ መልስ በአሥር ሰዓት ሲቀላ ሜዳ ድረሱልን፤ ልጃቸው ትጫወታለችና ጮክ ብላችሁ አበርቷት። የእርሳቸውን ነፍስ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ወገን ይደምርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።