ጭሱ ከጠርሙሱ ነበር

ለተከበሩ የዊስኪ ቅምሻ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉሮሮዎ ተሻለው? ቤተሰብዎ፣ ወዳጆችዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ዝነኛ አፍንጫዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የማኅበሩን የጠረጴዛ ልብስ የማጥበውና የምተኩሰው ሴት ነኝ። ብርጭቆ ታጥብልዎ የነበረችው ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት፤ «ነበረች» ለማለት የበቃሁት በእርስዎ ቸርነት ነው። ፊደል የለየሁት ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ለማዕረግዎ የሚመጥን ቃል ቢጎድለኝ የጋዜጣው ቅዳጅ እዚያ ላይ አልቆባት ነው ብለው ይለፉኝ።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አፍንጫዎ። ባለፈው ቅምሻ የቀረበው ዊስኪ በጥቂት ቁጥር ብቻ የተመረተ፣ ለጥቂት ዕድለኞች የሚደርስ መሆኑን ሁላችንም ሰምተን ነበር። ጠርሙሱን ከባሕር ማዶ ያመጡት ነጋዴው አባልዎ መንገድ ተዘጋግቶባቸው ቢዘገዩ፣ እርስዎ ሳይጠብቁ ከፈቱ፣ ቀዱ፣ አሸተቱ፤ ከዚያም «ማነው ብርጭቆዬ ላይ ሲጋራ ሲያጨስ የነበረው?» ብለው ቤቱን አናወጡት። እህቴ አረፋው ከእጇ ሳይደርቅ ከማጠቢያው ተጠርታ መጣች። የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ከፍታ እንድትተነፍስ አዘዟት፤ ምክትልዎም ጎንበስ ብለው አሸተቷት። እሳቸው «ኧረ ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸተው» ቢሉ፣ እርስዎ «እሱማ ለመደበቂያ ነው፤ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላያት» አሉ። እህቴ በዕድሜዋ ሲጋራ በእጇ የነካችው የእርስዎን መተርኮሻ ስትደፋ ብቻ ነው። እንግዳ ጠርሙስ መጠርጠር ግን ያሳፍራልና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕውቀትዎ። ነጋዴው ደርሰው ኮታቸውን ሳያወልቁ ነገሩን አስረዱ፦ የዚህ ዊስኪ ብቅል የሚደርቀው ከረግረግ ተቆፍሮ እንደ ማገዶ በሚነድ አፈር ጭስ ነው፤ ዋጋውን የሰቀለውም ይኸው ጭስ ጭስ ማለቱ ነው። እርስዎም ዓይንዎን ጨፈን አድርገው «ይህን ጭስ እኮ እኔ ገና ከሩቅ ነው የለየሁት» አሉ። እውነትዎን ነው፤ ለይተውታል፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሳቱት። በዚያች ሰዓት እህቴ ጓዳ ውስጥ ሽርጧን እየፈታች ነበር። አንድ «ጥሯት» የሚል ቃል ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን ሁለተኛውን ብርጭቆ አስቀዱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀግንነትዎ። ዊስኪው ከበርሜሉ እንደወጣ፣ ውሃ ሳይነካው የታሸገ ኃይለኛ በመሆኑ ጠብታ ውሃ ጣል እንዲያደርጉበት ነጋዴው በትሕትና ቢመክሩዎ፣ «ውሃ ለአበባ ነው፣ ወንድሜ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር እንዳልጽፍ ጨዋነት ይከለክለኛል። ፊትዎ በርበሬ መሰለ፤ የተኮስኩት የአፍ መጥረጊያም አንድ አልበቃዎትም። ነፍስዎ ሲመለስ «ዊስኪው ውስጥ ያለው የባሕር ነፋስ ጣዕም ስሜቴን ነክቶት ነው» አሉ። በሩ አጠገብ የቆምን ሠራተኞች ግን እንባዎን ስናይ ለእህቴ መስሎን ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ጽናትዎ። በማግስቱ ደጅ ብጠናዎ በጸሐፊዎ በኩል «ሊቀመንበሩ ቃላቸውን አያጥፉም» አስባሉኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። አባቶች ይህን ሲሉ የሚጠፋው የራሳቸው ልጅ ነበር፤ እርስዎ በእኔ እናት ልጅ ማሻሻልዎ ብልህነት ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። እህቴ ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ በሚቀጥለው ቅምሻም በእነዚያው ሰዎች ፊት «ጭሱ ከጠርሙሱ ነበር» ይበሉ። ከዊስኪው ይልቅ ይህ ቃል ጉሮሮ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት፣ እህቴም የተዋረደችው በግልጽ ስለሆነ ነው።

አፍንጫዎን ከጉንፋን፣ ምላስዎን ከጸጸት፣ ወንበርዎን ከተቀናቃኝ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የጠረጴዛ ልብስ ተኳሿ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ጸሐፊዎ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እህቴ ይቅርታ ከጠየቀች እንደምትመለስ አበሰሩን። ነገሩ የማኅበሩ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰምቶ፣ ወጥ ሠሪዋም፣ አስተናጋጆቹም፣ የበሩ ዘበኛም፣ እኔም አብረናት ይቅርታ ለመጠየቅ ተስማምተናል። ስለዚህ፦ በሚቀጥለው ቅምሻ ዕለት አንዳችንም ስለማንገኝ ይቅርታ ያድርጉልን።