ከዋጋው በታች ያለው መስመር

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ሰኔ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈድሊያ ሙሐመድሳኒ
ደሴ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ። የደሴ ብርድ እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽ ጋቢ ደረሰሽ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? ጽሑፉን አይተሽ «የማን ነው?» እንዳትዪ፤ የእናትሽ የመድና ነው። የጎረቤት ልጅ እየለመንኩ ማስጻፍ ቀረ። መሠረተ ትምህርት የገባሁ ጊዜ «በዚህ ዕድሜሽ ሀ ሁ?» ብለሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። በይ እንግዲህ አንብቢ!

አባትሽ እዚሁ አጠገቤ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል። ምን እንደምጽፍ አያይም። የብዕሩን ድምፅ ሰምቶ አሁን «ያ መድና፣ እየጻፍሽ ነው ወይስ እያረስሽ?» አለኝ። አስተማሪያችንም እንዲሁ ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ካልተጫንኩት የጻፍኩ አይመስለኝም። «ለፈድሊያ ነው» አልኩት። «ሰላም በይልኝ» አለ። ሰላም ብሎሻል።

ጤናው ደህና አይደለም። ነርስ ነሽ፣ አንቺን ማታለል አልችልም። እስር ቤት ጭንቅላቱን ከመቱት ወዲህ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሲያስለው ደም አለው። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋግሮኛል፤ ምን እንዳለኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለዒድ ፈቃድ ስጡኝ በያቸው። እምቢ ካሉሽ አልቅሺባቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ዒድ ድረሺ አልልሽም።

ከመምጣትሽ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ደብዳቤውን የምጽፈው ለዚሁ ነው፣ አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። አባትሽ ከእስር የወጣ ጊዜ «ሳልፈርም አላህ አወጣኝ» ብሎ አስጽፎልሽ ነበር አይደል? ነገሩ እንደሱ አይደለም።

ኤንትሬዋን፣ ያቺን የጭነት መኪናችንን፣ በየወሩ እየከፈልን እንደገዛናት ታውቂያለሽ። ካምፓኒው «በጥሬ ከሆነ አርባ ስምንት ሺህ፣ በሁለት ዓመት ከሆነ ሃምሳ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ» አለው። አባትሽ አጋሮ ድረስ ሄዶ ሸኹን ጠየቀ። ሸኹ «በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው ቢወደድ ሐራም አይደለም፤ ወለድ ግን እንዳትነካ» አሉት። መጣና የሱቃችንን ሂሳብ ሠራተኛ አልዓዛርን «መዝገቤ ላይ ወለድ የምትል ቃል እንዳትገባ» አለው። አልዓዛር «ጋሼ፣ በሂሳብ ደንብ የመኪናው ዋጋ ለብቻ፣ ወለዱ ለብቻ ነው የሚመዘገበው» ብሎ ተከራከረ። አባትሽን ታውቂው የለ! «ደንቡ ያንተ፣ መኪናው የኔ» አለው። እንዳለውም ሃምሳ ሰባት ሺህ ስድስት መቶው ሁሉ የመኪና ዋጋ ተብሎ በአንድ መስመር ገባ።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የመጡ ጊዜ መዝገቡን አርባ ስምንት ሺህ ከሚለው የካምፓኒው ደረሰኝ ጋር ሲያስተያዩት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር ልዩነት ተገኘ። «ይህ ብር የት ገባ? የቡ ድረስ ሄደህ የኮንትሮባንድ ቡና ገዝተህበት በመኪና ዋጋ ሸፈንከው» ብለው አሰሩት። በቡና የታሰሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሰምተሻል፣ አልጽፈውም። ከመሃላቸው ደምመላሽ የሚባለው ልብ ነበረው፤ «እትዬ መድና፣ ይህ እኮ ወለድ ነው፣ ለኔ ግልጽ ነው። መዝገቡ ይስተካከልና ወለድ ነው ብላችሁ ፈርሙ፤ ይፈታል» አለኝ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአባትሽ ነገርኩት። «እኔ መኪና ገዛሁ እንጂ ገንዘብ አልተበደርኩም። እጄ ይቆረጣል እንጂ ወለድ ብዬ አልፈርምም» አለ። ወላሂ ዘበኛው ፊት ሰደብኩት! «በአንዲት ቃል ልትሞት ነው? እኔንስ ለማን ትተኸኝ?» አልኩት። «ተይኝ መድና» ብሎ ፊቱን አዞረ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ይዤ ስሄድ እሱን አላሳዩኝም፤ የሚታጠብ ልብሱን ብቻ ሰጡኝ። የሸሚዙ ኮሌታ በደም ደርቆ ነበር።

አላጠብኩትም። እንደያዝኩት አልዓዛር ዘንድ ሄድኩ። «አስተካክለው» አልኩት። «ጋሼ ሳይፈቅዱ አልነካም» አለኝ። ጴንጤ አይደል፣ አንዴ ቃል ከሰጠ ሰጠ ነው። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ብዙ አየው። ከዚያ መዝገቡን ገለጠና «ከዋጋው በታች፣ እዚህ ጋ ነው የሚገባው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ፤ ብዕሩን አጠገቡ አስቀምጦ ወጣ። «ከዚህ ውስጥ 9,600 ብር ወለድ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሱቁ ውክልና በእጄ ስለነበረ ፈረምኩበት። አስታግፊሩላህ! ከሀ ሁ ደብተሬ ውጭ በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ወለድ ሆነ።

ፈቱት። ሲፈቱት «ሂድ» ከማለት በቀር ምንም አልነገሩትም። ቤት ገብቶ «አየሽ፣ ሳልፈርም!» ሲለኝ እየተንቀጠቀጠ ይስቅ ነበር። ምን ልበለው? «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። መስጊድ ሄዶም ለሰው ሁሉ ተናገረ። መኪናዋ ግን የለችም። እሱ ታስሮ የወር ክፍያው ሲቋረጥ ካምፓኒው ሰው ልኮ «የመጨረሻው ብር እስኪከፈል የኛ ናት» ብሎ ነድቶ ወሰዳት። የከፈልነው ሁሉ ቀረ። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን?

አሁን መዝገቡን ከአልዓዛር አስመጥቶ ትራሱ ሥር አስቀምጦታል። ዓርብ ዓርብ ገላውን አጥቤው ሲያበቃ «የመኪናዋን ገጽ አንብቢልኝ» ይለኛል። «አላህ ዘንድ ይዤው የምቀርበው ይህን ገጽ ነው» ይላል። እኔም ያቺን መስመር እየዘለልኩ አነብለታለሁ። እፈራለሁ ልጄ። አላህን ይሁን እሱን የምፈራው አላውቅም። ግን ያ ሸሚዝ ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ዛሬም እጽፈዋለሁ።

ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ዓይንሽ ያየውን አፍሽ ይናገራል። ስለዚህ ከአሁኑ አጥኚው። «የመኪና ዋጋ ሃምሳ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ብር» ትዪና የኔን ጽሑፍ ዘለሽ ወደ ቅድሚያ ክፍያው ትሄጃለሽ። ድምፅሽ እንዳይሰበር። ማልቀስ ካማረሽ ጓሮ ውጪና አልቅሺ፣ እኔም የማለቅሰው እዚያ ነው።

ባለፈው ዓርብ ገጹን ከማንበቤ በፊት መዝገቡን ራሱ ተቀበለኝና በጣቱ ይዳብሰው ጀመር። የአልዓዛር እጅ ቀላል ነው፣ ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ጣቱ ከዋጋው በታች ሲደርስ ቆመ። ያቺን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሄደባት፣ ተመለሰባት። ቆይቶ መዝገቡን ሰጠኝና «አንብቢ» አለኝ። እንደወትሮው አነበብኩለት። እጄን ፈልጎ ያዘኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

«ፈድሊያ ስትመጣም ልክ እንዳንቺ ታነብልኛለች፣ አይደል?» አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

ቶሎ ነይ። ጉዞሽን አላህ ያቅናልሽ፣ የምታክሚው ሁሉ በእጅሽ ይዳንልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። አባትሽ ብዕሩ ዝም ሲል ሰምቶ «ጨረስሽ?» እያለኝ ነው። ጨረስኩ።

እናትሽ
መድና
በገዛ እጄ