የአባዬ ትርፍ አንጀትና የእኔ ማመልከቻ

ለእህት ዓለሜ ለሶልቬግ፦

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ዳሪልስ እንዴት ነው፣ ወገቡ ተሻለው? ኔልስና ታይራ አደጉልሽ? አላስካ በረዶው ለቀቀላችሁ ወይስ ገና አካፋ እንደያዛችሁ ናችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። «ደህና» ስልሽ ታዲያ እንደ አባዬ «ደህና» እንዳይመስልሽ፤ የእውነቱን ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር እማዬ አጠገቤ ቆማ አንቺ ሳትመልሺ እሷ ስለምትመልስልኝ ነው።

ለሕክምና ትምህርት ቤት ዘንድሮ ታመለክቻለሽ ወይስ ትቆያለሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ማመልከቻው ጁን መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። የመግቢያ ፈተናውን ወስጃለሁ፣ ውጤቴም አያሳፍርም። ችግሩ ትምህርት ቤቶቹ ከበሽተኛ ጋር ስንት ሰዓት እንደዋልሽ መጠየቃቸው ነው። የእኔ ደግሞ አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም። ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ የማገለግለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ አበባ አደርሳለሁ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ፤ ወንበሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የለበትም። ላም ማዋለድ ቢቆጠርልኝማ እስካሁን ዋና ሐኪም ነበርኩ። የኮሌጁ አማካሪ ግን እባክሽ ላሞቹን አትጻፊ ብለው ለምነውኛል።

እማዬ ይሄ ሁሉ አይታያትም። በፋሲካ ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው ሳህኑን ይዞ በተሰለፈበት፣ «ብሪታ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ አወጀች። «ልትሆን» የምትለዋን ማን ሰምቷት! ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳዬን ሳልጎርስ ወረፋ ይያዝልኛል። ወይዘሮ ጉድሩን ጫማቸውን አውልቀው የእግራቸውን ጣት እድንቹ አጠገብ ዘረጉልኝ። እንጨት ነጋዴው ሸሚዙን ገልጦ «እስቲ ይቺን እብጠት እያት፣ ክፉ አይደለችም አይደል?» አለኝ። እኔም፣ ምን ልዋሽሽ፣ ጣፈጠኝ። ግንባሬን ቋጠር አድርጌ «እምም» ማለት ጀመርኩ። የልብ ማዳመጫ ገዝቼ የመኪናዬ መስተዋት ላይ ሰቀልኩት። ዘንድሮ አመለክታለሁ፣ ልምዱ እንደሆነ መንገድ ላይ ይመጣል ብዬም ቆረጥኩ።

ያለፈው ሳምንት ዓርብ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ዓሣ ጥብስና የተጠበሰ አይብ በልተን ከተመለስን በኋላ፣ አባዬን ሆዱን ይዞ የጋጣው በር ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ምን ሆንክ ብለው «ምንም፣ ትንሽ ነው» አለ። ማዳመጫዬን ከመኪና አምጥቼ ሆዱ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረግኩና «የተጠበሰው አይብ ነው፤ ነፍቶህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብዬ ፈረድኩ። እሱም «ዶክተሯ ካለች እንግዲህ» ብሎ ላሞቹን ሊያልብ ገባ። በማግስቱ ጠዋትም አለበ። ቁርስ ላይ ግን የፖም ኬኩን ሳይነካ ተነሣ። አባዬ ኬክ ትቶ ሲነሣ አይተሽ ታውቂያለሽ? እማዬ ወዲያው የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ሕመምህ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው አለችው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሁለት» አላላትም መሰለሽ! ነርሷ የእኛው አገር ልጅ ናትና «የእኛ አገር ሁለት ነው ወይስ የሰው ሁለት?» ብላ ጠየቀችው። እማዬ «ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ» አለቻት። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ወዲያው ኦፕራሲዮን አደረጉትና ተረፈ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ አለቀስኩ። አባቴን በአይብ አሳብቤ ልገድለው ነበር እኮ!

ከሰመመኑ እንደነቃ ክርክሩ ተጀመረ። እማዬ «ሰው ሳትጨርስ ዓመት ትቆይ» አለች። አባዬ ስፌቱ እየሳበው «ለዚሁ እኮ ነው ዘንድሮ መሄድ ያለባት! ብታውቅማ ትምህርት ቤት ምን ያስኬዳታል?» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «በእኔ ሆድ እንዳታሳብቢ!» አለኝ። እሱን ስሰማ እሱ ልክ ይመስለኛል፣ እሷን ስሰማ እሷ።

አባዬ አጠገብ ኦርቪል የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ተኝተዋል። ሳንባቸውን ብርድ መትቷቸው ነው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ነርሶቹ እንዴት ነዎት ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። አባዬን ላስታምም በተቀመጥኩበት ለእሳቸውም ውሃ ቀዳሁላቸው፣ ቀጥሎ ጢማቸውን ላጨሁላቸው፣ ከዚያ ስለ ላሞቻቸው ጠባይ ስናወራ ዋልን። በሁለተኛው ቀን ምንም ሳልጠይቃቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «ልጄ፣ ሳሉስ ይሄዳል። ከዚህ ስወጣ መጥቶ የሚወስደኝ ሰው የለም፣ እሱ ነው የሚያመኝ» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም እጃቸውን አልወሰዱም። ማታ እማዬ ለማመልከቻሽ የሚቆጠረውን ሰዓት መዘገብሽ ወይ ስትለኝ ነው መርሳቴ የታወቀኝ። ባዶ ወንበር ስገፋ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳልመዘግብ የማላልፍ ሴት!

ስለዚህ ሶልቬግዬ፣ ዘንድሮ አላመለክትም። ፈርቼ አይደለም። እስካሁን የወደድኩት ዶክተር መባሉን ነበር። ከታመመ ሰው ጎን መቀመጡንም ወደድኩት፤ ግን ሁለት ቀን ማንንም ያታልላል። ዓመት ሙሉ ስሠራውም የምወደው ከሆነ የዚያን ጊዜ አመለክታለሁ። ሆስፒታሉ የነርስ ረዳት አድርጎ ቀጥሮኛል፤ ሰኞ እጀምራለሁ። ሥራው ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሽንት መድፋት ነው። አባዬ አኩርፏል፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አዋጁን እንዴት እንደምትሽረው ጨንቋታል።

ለዳሪል፣ ለኔልስና ለታይራ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ታይራን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ሹራብሽን ጨርሻለሁ ብላለች። አባዬም ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ሰላም ብሎሻል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ኦርቪል ሐሙስ ይወጣሉ፤ ወደ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ነርሷ ስሜን ስትመዘግብ ምናቸው ነሽ ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸው ቀደም ብለው «ዶክተሬ ናት» አሉ። «ገና ነኝ» አልኩ፤ ስለውም አላፈርኩም።

እህትሽ ብሪታ
ኖርድ ክሪክ፣ ዊስኮንሲን
ሜይ 20