ለእስፓኛ ሙታን የታዘዘው ለቅሶ

ከሮማ መንግሥት ተልከው ወረዳችንን ለሚገዙት ክቡር ሹም፤

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የጎጃም ብርድ ጉልበትዎን አልነካው ይሆን? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ አገልጋይዎ ከአገሬ ርቄ በሱዳን ምድር፣ በገዳሪፍ ከተማ፣ ሙቀቱ ከማስቸገሩ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ ሳይታሸግ የሚጓዝ ስለሆነና ከእጅዎ ከመድረሱ በፊት በየደብሩ ደጅ መነበቡ ስለማይቀር፣ አስቀድሜ ለዘመዶቼ ሰላምታ ባቀርብ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። በሬዎቻቸው ካለቁ ወዲህ በዶማ ለሚቆፍሩት ለአባቴ ለአቶ አወቀ፤ ለእናቴ ለወይዘሮ የብርጓል፤ ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ እነርሱን ላስጠጓቸው ለአጎቴ ለአቶ ያለውና ለልጆቻቸው በሙሉ፤ ለአልቃሿ ለእመት ደብሪቱ፤ ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ወልደ ሚካኤል፣ ካሉበት ስፍራ፤ እንደምን ሰንብታችኋል? እንግዲህ ወደ ክቡርነትዎ እመለሳለሁ።

፩ኛ፤ አስቀድሜ ምስጋና አቀርባለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም በነጋሪት ባሰሙን አዋጅ፣ በእስፓኛ አገር ወንድም ከወንድሙ እየተዋጋ ሴትና ሕፃን እንደሚያልቅ፣ ከተማው ከሰማይ በሚወርድ እሳት እንደሚነድ፣ መንግሥትዎም በዚህ እጅግ ማዘኑን፣ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ተቀምጦም ማንም በዚያ ጦርነት እጁን እንዳያስገባ መስማማቱን ነግረውናል። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ምን እንደሚመስል አስቀድመው ስላሳዩን ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አልደከሙም። መንግሥትዎ ሐዘኑን ከሩቅ መግለጽ አልበቃው ብሎ ወታደሮቹንና አይሮፕላኖቹን ወደዚያው እንደላከ ደግሞ እዚህ መጥቼ ሰማሁ። ለለቅሶ ይህን ያህል ርቀት የሚሄድ መንግሥት ከዚህ በፊት መኖሩን አላውቅም ነበር።

፪ኛ፤ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ሜዳ ወጥቶ ለእስፓኛ ሙታን እንዲያለቅስ ባዘዙ ጊዜ ልብ ያላሉት ችግር ነበር። በእኛ አገር ለማያውቁት ሰው ማልቀስ ነውር ባይሆንም አሠራሩ ያስቸግራል። እመት ደብሪቱ የሟቾቹን ሙያ ሳያውቁ ሙሾ ማውረድ ስለማይችሉ አስተርጓሚዎን ጠርተው፣ “ልጄ፣ እኒህ ሰዎች ገበሬ ናቸው ነጋዴ? በቅሎስ ነበራቸው?” ብለው ቢጠይቁት፣ “አልቅሺ ተብለሻል፣ አልቅሺ!” አላቸው፤ እርሳቸውም፣ “እንግዲያ አንተ ጀምርልኝና ልቀበልህ” ብለው መለሱለት። መምሬ ወልደ ሚካኤል ደግሞ ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም ስለማይደረግ የሟቾቹ የክርስትና ስም እንዲነገራቸው ለመኑ። አስተርጓሚዎ ወደ እርስዎ ቀረበ፤ እርስዎም ሰዓትዎን አይተው ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ እርሱም ተመልሶ፣ “የሚያውቁትን ስም ይጥሩና ቶሎ ይጨርሱ ተብለዋል” አላቸው። ከፊት ቆሜ ስለነበር ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መምሬም ታዘዙ። ወለተ ሰንበትን ጠሩ፤ አመተ ሥላሴን ጠሩ፤ ፍቅረ ሥላሴን ጠሩ፤ ሌሎችንም ጠሩ። ክቡርነትዎ ስለማያውቋቸው ላስተዋውቅዎት። ወለተ ሰንበት የታናሽ እህቴ የስሜነሽ የክርስትና ስሟ ነው፤ አይሮፕላንዎ ከቁይ ከተማ ወዲያ ወዳለችው መንደራችን በመጣ ጊዜ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። አመተ ሥላሴ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ፍቅረ ሥላሴም ጡት ያልጣለ ልጃቸው ነበር። የወንበዴ ዘመድ አይለቀስለትም ብለው ስለከለከሉን ሁሉንም የቀበርናቸው አፋችንን ይዘን ነበር። ስማቸው ሲጠራ ሜዳው ምን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ አይተዋል፤ ሴቱ ደረቱን መታ፣ ወንዱ ኩታውን አዘቅዝቆ መሬት ወደቀ፤ እናቴን ደግፈን ማቆም አቃተን። እመት ደብሪቱም የሟቾቹን ሙያ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ክቡርነትዎ ፎቶግራፍ አስነሱን፤ የመንግሥታችን ሐዘን እንዲህ የገባው ሕዝብ አላየሁም ብለው አመሰገኑን፤ ለካህናቱም ሻማ ሰጡ። ሻማውን በሚገባው ቦታ አብርተነዋል።

፫ኛ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ስሞቹ የእነማን እንደነበሩ ሰው ነግሮዎት፣ መምሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ተይዘው በመኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ተወሰዱ። የእኔንም ስም እየጠሩ ከአጎቴ ደጅ ስለመጡ፣ ሳልሰናበት ወጣሁ። የመምሬ ጥፋት ምን እንደሆነ ባለመረዳቴ ይቅርታ እለምናለሁ። ስም ይጥሩ ተባሉ፤ ጠሩ። የሚያውቁትን ተባሉ፤ የሚያውቁትን ጠሩ። የእስፓኛን ሰው የክርስትና ስም አለማወቅ ወንጀል ከሆነ አስተርጓሚዎም፣ ይቅር ይበሉኝና እርስዎም፣ አታውቁትም።

፬ኛ፤ እዚህ ያለውን የእንግሊዝ ሹም ስለ መምሬ እንዲጽፍልኝ ብለምነው፣ መንግሥቱ ነገሩን በጥሞና እየተከታተለ መሆኑን ነግሮ አሰናበተኝ። በመንግሥታት ዘንድ ሐዘንና ጥሞና እንዳልጠፋ ገብቶኛል፤ የጠፉት አንድ ቄስ ብቻ ናቸው።

ክቡር ሆይ፤ ልመናዬ አጭር ነው። መምሬ ወልደ ሚካኤል በሕይወት አሉ? ባለቤታቸው እመት ወለላ ስንቅ ይዘው ከእስር ቤቱ በር ቢቆሙ፣ ዘበኞቹ እንዲህ የሚባል ሰው የለም እንደሚሏቸው ከዚያ የመጡ ነጋዴዎች ነግረውኛል። በሕይወት ካሉ ክረምቱ ሳይገባ ይፍቱልን፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። ከሌሉም የተቀበሩበትን ያሳዩን፤ ተዝካራቸው እንዳያልፍ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ዕለት መልሱን ለእመት ወለላ በቃል ይንገሩልኝ፤ አሉ ወይም የሉም ማለት ይበቃል።

የመንግሥትዎ ሐዘን ከእኛ ላይ እንዲነሣልን ዘወትር የሚጸልይ፣ በአራት ዓመት ትምህርቱ የሚችለውን ያህል አሳምሮ የጻፈ፣ ከእግርዎ ሥር ርቆ የሚሰግድ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

እንዳላማው አወቀ
ገዳሪፍ፣ ግንቦት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ተጨማሪ፤ መምሬ ሞተው እንደሆነና ለእርሳቸውም ማልቀስ ክልክል ከሆነ፣ እባክዎ አንድ የሩቅ አገር መርጠው ሌላ ለቅሶ ይዘዙልን፤ ስሙን እኛ እናመጣለን።