ሠላሳ ሰባተኛዋ ተሳፋሪ

ስቶክሆልም፣ ፊቲያ
እሁድ፣ መጋቢት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናታችን፣

እንደምን ከርመዋል? ጾሙ በረታብዎት ወይስ እንደ አምናው ቀለል ብሎልዎታል? ግፊትዎስ? በሐምሌ ቀዶ ጥገና የተደረገልዎት ዓይንዎ አሁንም ዕንባ ያፈሳል? ሐኪሙ ምክንያቱ ጠፋኝ አለ ብለውኝ ነበር፤ እስካሁን አላገኘውም? ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ። ጎረቤቶችዎና የማኅበርዎ ሴቶች ሁሉ እንደምን ናቸው?

«ከናፍቆትዎ በቀር እኛ ደህና ነን» የምትለዋን መስመር ከሰኔ ወዲህ በላክሁልዎት ደብዳቤ ሁሉ ላይ አስገብቻታለሁ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ስለዚህ ዘልያት አልፌአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልዎት የምትመጣው ከበደች ናት፤ የአፀደ የሥራ ባልደረባ፣ አምና ቤትዎ መጥታ የነበረችው ረዥሟ። ሐሙስ ትሳፈራለች። አደራ ያልኳት በማለዳ እንድትመጣ፣ ከዚያም በፊት የነፍስ አባትዎንና የማኅበርዎን ሴቶች ቀድማ እንድታነጋግር ነው። ገና ሳይነጋ በርዎን ስላንኳኳችብዎት አይቀየሙን።

አስቀድሜ ግን መንገዱን ልንገርዎት፤ ምክንያቱም ለዚህ ደብዳቤ ድፍረት ያገኘሁት እዚያ ነው። እማዬ፣ ኒውዚላንድ ደርሼ መጣሁ። ከስቶክሆልም አንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን በአውቶቡስ።

ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። አፀደ ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እህታቸው ኒውዚላንድ ስለምትኖር በየዓመቱ የአገሩን ሥዕል የያዘ ካላንደር ትልክላቸዋለች። አፀደ የሴትዮዋን ጸጉር እያበጠረች ያንን ካላንደር ስታይ ኖራ፣ አምና በሚያዝያ የጋብቻችንን ሃያኛ ዓመት እዚያ እናከብራለን ብላ ሁለት ወንበር አስያዘች። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት። አሥራ አራት የመስኮቱ ነው፣ የእሷ። እኔ ተቆጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ በዕረፍቴ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ልቀመጥ ወይ አልኳት። እሷ ሳቀች። አንዴ እንኳ ከኋላ ተቀምጠህ ሰው ሲነዳህ ልይ አለችኝ። የእርስዎ ልጅ አይደለች፣ መልስ መቼ ጠፍቷት ያውቃል።

በመከር የጉዞ ወኪሏ ወሬው ደርሷት ደወለችና አንዱን ወንበር ልልቀቀው ወይ አለችኝ። ይቆይ አልኳት። ጊዜው ሲደርስ ልቅር ብዬ ነበር። ሄርሜላ ናት እንደ ለመደችው በስዊድንኛ፣ ሂድ ፓፓ፣ ማማ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብባበታለች ብላ ሻንጣዬን ያወጣችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁን አሁን እኔ ሳልሆን እሷ ናት የምታዘኝ።

እዚያ በግራ ነው የሚነዱት። ሹፌራችን ዊሬሙ ይባላል፤ ከነጮቹ በፊት በአገሩ ከነበሩት ከማኦሪዎች ወገን ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። የሹፌር ነገር ሆኖብኝ አነዳዱን ልተች ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስህተት ፈልጌ አጣሁበት። በየጠመዝማዛው ቀኝ እግሬ ፍሬን ያገኘ እየመሰለው የፊተኛውን ወንበር ብረት ይረግጥ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። ኦክላንድ ከሆቴሉ በር ላይ ዊሬሙ ዝርዝሩን ይዞ ስም ይጠራል። ሠላሳ ሰባት ስም አለ፤ አብዛኞቹ እንግሊዛውያን ጡረተኞች ናቸው። የእኔን ስም ጠራ። ቀጠለና የአፀደን ስም፣ ፊደሎቹ እያደናቀፉት፣ ሁለቴ ጠራ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ እመቤቲቱ ይመጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትመጣለች አልኩት።

እማዬ፣ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ለእርስዎ ሥራ ገብታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ጉንፋን ድምፅዋን ዘጋው ስል አፌ ለምዶታል። ሠላሳ ዓመት በቴሌ ኦፕሬተርነት ለሠሩ ሴት፣ መስመሩ እኮ አስቸገረን ብዬ የምዋሽ ሰው ለአንድ ሹፌር መዋሸት ምን ያቅተኛል?

ጠበቃት። ሌሎቻችንን አሳፍሮ፣ በሩን ከፍቶ ወደ ሆቴሉ እያየ ጠበቃት። አንዲት እንግሊዛዊት ሴት፣ ሴት ልጅ እስክትለብስ ጊዜ ይፈልጋል ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። እኔ ከፊቲያ ስነሳ እየሮጠ ለሚመጣ ሰው አንዲት ደቂቃ አልጠብቅም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ለሹፌር ምን እንደሆነች አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩና በጆሮው፣ አትመጣም፣ እንሂድ አልኩት። ፊቴን አየ። በሩን ዘጋ። ስሟን ግን ከዝርዝሩ ላይ አልሰረዘውም። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጣቱን እየቀሰረ ይቆጥራል፣ ሠላሳ ስድስት ይሆንበታል፣ ወረቀቱን ያያል፣ በመስተዋቱ ወደ እኔ ያያል፣ ይነዳል።

አገሩ ውብ ነው። ኮረብታው ሁሉ ሣር ነው፣ በጉ ከሰው ይበዛል። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ካፖርቴን አስቀመጥኩ፤ መስኮቱን በእሱ ላይ ተንጠራርቼ ነው የማየው። ሁለተኛው ቀን በጀልባ ዋሻ ውስጥ አስገቡን፤ ጣሪያው ላይ የሚያበሩ ትናንሽ ትሎች ተለጥፈዋል። እንድናያቸው ጸጥ በሉ ተባልንና ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ትንፋሹን ያዘ። ሌላው ሰው ተደሰተ፤ እኔ ላብ አጠመቀኝ። ለምን እንደሆነ ወደታች እነግርዎታለሁ።

በአራተኛው ቀን ሮቶሩዋ የሚባል ከተማ ደረስን። ምድሩ ይፈላል፤ እንደ ፍልውሃ ሆኖ ሽታው ግን የተበላሸ እንቁላል ነው። ከዚያ ወጣ ብሎ የዊሬሙ ዘመዶች መንደር አለ፤ እንግዳ የሚቀበሉበትን ቦታ ማራኤ ይሉታል። ከመግባታችን በፊት ዊሬሙ ሰበሰበንና ሥርዓቱን አስረዳን። እንግዳ እንዲሁ ዘው ብሎ አይገባም። አንዲት አሮጊት ከቤቱ ደጅ ሆነው ይጣራሉ። የሚጠሩት ደግሞ እኛን ብቻ አይደለም፤ ሰው ወደ ሰው ቤት ሲመጣ ሙታኑን አስከትሎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በመጀመሪያ ሰላም የሚባሉት እነሱ ናቸው አለን። መሐል መንገድ ላይ ቆማችሁ ስታስቧቸው ዕንባ ከመጣ ይምጣ፣ እዚህ ማልቀስ ነውር የለበትም አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም፤ ሆን ብሎ ነው ያላየኝ።

ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰዋል፣ በእጃቸው ቅጠል ይዘዋል። ሲጣሩ ድምፃቸው በእርስዎ ሰፈር ለቅሶ ቤት የሚሰማው መሰለኝ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ግን እኔ የማላውቀው ምን አለው? የደረት ኪሴ ውስጥ የአፀደ ፎቶግራፍ ነበር፤ ያ እርስዎ የሚወዱት፣ በደጃችሁ በሻሽ ሆና የተነሣችው። አወጣሁትና ያዝኩት። እንደ ደንቡ አለቀስኩ እማዬ። ጮክ ብዬ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ በእንግሊዝ ጡረተኞች መሐል። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ውስጥ ስንገባ ግድግዳው ሁሉ የሞቱ ዘመዶቻቸው ፎቶግራፍ ነው። ሰላምታቸው አፍንጫ ከአፍንጫ፣ ግንባር ከግንባር ማገናኘት ነው። አሮጊቷ እኔን ሰላም ካሉ በኋላ ፎቶግራፉን ከእጄ ወስደው እሷንም እንደዚያው ሰላም አሏት። ቀጥሎ ምግብ ቀረበ፤ ሥጋውን መሬት ቆፍረው፣ በጋለ ድንጋይ ቀብረው ነው የሚያበስሉት። እኔ ጾም ነኝ ብዬ ስኳር ድንቹን በላሁ። ዊሬሙ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ያለቀሰ ሰው ካልበላ ወደ ቤቱ መመለሻ የለውም አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶግራፉን አሥራ አራት ቁጥር ላይ፣ ካፖርቱ ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት። ዊሬሙ እየቆጠረ መጣ። በእኔ ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ ከዚያ በወንበሩ ላይ። ፊት ሄዶ ሠላሳ ሰባት ነን፣ ሁሉም ገብቷል አለና ሞተሩን አስነሣ።

የቀረውን መንገድ ሁሉ ስለ እርስዎ አሰብኩ። እኔ በሰው አገር፣ በማላውቃቸው ሴት ፊት አልቅሼ ቀለለኝ። እርስዎን ግን የሚያለቅሱበትን ነጠቅንዎት። ያን ጊዜ የማኅበራችን ሽማግሌ ዓምደሚካኤል፣ የዓይናቸው ቀዶ ጥገና ይለፍ፣ ዕንባ ዓይናቸውን ያጠፋዋል ብሎ ነበር። ሁላችንም ልክ ነው አልን። ዓይኑ ካለፈ በኋላ የፍልሰታ ጾም ይለፍ ተባለ፤ ከዚያ ዘመን መለወጫው፣ ከዚያ ገና። አንድ ጊዜ የተዘለለ ቀን ሌላውን ቀን ያስዘልላል። ጥፋቱ የዓምደሚካኤል አይደለም፣ የእኔ ነው። ፈራሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሄርሜላ ከዋና መጣችና ደብዳቤውን ለሁለት ሰዓት ያህል አቋረጥኩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሌላ ነው፤ ከላይ ያለውን ግን አልቀድም።

ምን እየጻፍክ ነው አለችኝ። ለአያትሽ ልነግራቸው ነው አልኳት። ጃኬቷን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አያቷን በስዊድንኛ ሙርሙር ነው የምትላቸው። ሙርሙር ታውቃለች አለችኝ።

እማዬ፣ ከሰኔ ጀምሮ እሁድ እሁድ በስልክ ያነጋገረችዎ ሄርሜላ ናት። የእናቷን ድምፅ ወርሳለች፤ የእናቷን አሥር ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛ ነበር። እንዴት ነሽ እማዬ፣ ግፊትሽ እንዴት ነው፣ ጠብታውን አድርጊ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ከአሥሩ ውጭ ከጠየቋት ስልኩን ለእኔ ትሰጣለች። ይህን ያስጀመራት ማንም አይደለም። ያን የሰኔ ቅዳሜ ቤታችን ፍራሽ መሬት ተነጥፎ፣ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ እያለ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የእርስዎ ነበር። ሠላሳ ሰው ባንዴ ጸጥ አለ፤ ዋሻው ውስጥ ላብ ያጠመቀኝ ይህ ጸጥታ ነው። የሚያለቅሱት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት መነሣት አቃተኝ። ልጄ ተነሥታ ስልኩን አነሣችና፣ እንዴት ነሽ እማዬ አለች።

የቴሌዋን ሴት በድምፅ እናታልላለን ማለታችን! እርስዎ የሩቅ ከተማ መስመር ሲነሣ ማን እንዳነሣው በአተነፋፈሱ የሚለዩ እንደነበሩ አፀደ አይደለች እንዴ ስትነግረኝ የኖረችው? ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ምን ዓይነት ጸጥታ እንደሚሆን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

ሄርሜላ የነገረችኝ ይህን ነው። በገና ዕለት አሥሩን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ልትዘጋ ስትል እርስዎ መረቋት፤ ከዚያም ቀስ ብለው፣ አባትሽን አደራ፣ ራቱን ሳይበላ እንዳይተኛ አሏት። የአፀደ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከተቀበሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ልጄ እሺ ብላ ዘጋች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ አንተ ሳትነግራቸው ማወቃቸውን ሰምተህ እንዳትሰበር ነው አለችኝ።

ሐኪሙ ያጣውን ምክንያት እኔ አገኘሁት እማዬ። ዓይንዎ ለምን አልደርቅ እንዳለ ገባኝ። ብቻዎን፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ እኛን ላለማሳፈር ዘጠኝ ወር! እኔ እርስዎን ሸሸግሁ ስል እርስዎ ለካ እኔን ደብቀው ይዘውኝ ኖረዋል። ምን ብዬ እንደምክስዎት አላውቅም።

ስለዚህ ስለ ማለዳው የጻፍኩትን ይተዉት። ከበደችን ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዋን እንድትመጣ፣ በሩንም ቀስ አድርጋ እንድታንኳኳ እነግራታለሁ። ከዚያ ወዲያ የማኅበርዎን ሴቶች መጥራት የእርስዎ ፋንታ ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ይጥሯቸው፤ ብቻ ከእንግዲህ ድምፅዎን አይዋጡ። ከደብዳቤው ጋር ፎቶግራፏን ልኬልዎታለሁ። ጠርዙ ላይ ያለው ወዝ የእነዚያ አሮጊት ግንባር ነው፤ አልጠረግሁትም።

በሚመጣው እሁድ እንደ ልማዳችን እንደውላለን። ሲያነሱት የሚሰሙት ሄርሜላን ነው። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ሙርሙር ትልዎታለች፣ ጨንቋት ስዊድንኛ ትቀላቅልብዎታለች። በራሷ ድምፅ ታውራልዎ። እኔም አጠገቧ ነኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ማናችንም ትንፋሻችንን አንይዝም።

እግዚአብሔር እርስዎን ያጽናልን፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ዓይንዎን ይማርልን። እጅዎን ስመናል።

ራቴን በልቻለሁ።

ልጅዎ