ለዓርብ የታዘዙ ሁለት የመዳብ ዘበኞች

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዛሬም አልበላችም። ምስሩን ከወዲህ ወዲያ ስታገላብጠው ቆይታ “ጠግቤያለሁ እማዬ” ብላ ተነሳች። ምኑን ጠገበችው?

ዓርብ ነው ቀኑ። ልጄ ሜሮን፣ ሜሪ የምላት፣ የሁለተኛ ዲግሪዋን ጽሑፍ መምህራን ፊት ቆማ የምታስረዳበት፣ እነሱ ዲፌንስ የሚሉት። እኔማ ከደስታዬ ብዛት ለግማሽ ፒያሳ ነግሬያለሁ። ሰው ቀለበት ሊለካ ወደምሸጥበት ወርቅ ቤት ይገባል፣ እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ስለ ልጄ አውርቼ እሸኘዋለሁ። የሱቁ ባለቤት ገዢ አባረርሽብኝ ትላለች። እውነቷን ነው።

ሜሪ የምትፈራው ትምህርቱን አይደለም። ባለፈው ወር ልምምድ ላይ አንድ መምህር “ይሄ ነገር ምን እንደሚመስል በቀላሉ አስረጂኝ” ሲላት ድምጿ ጠፋ። ዝም ብላ ቆመች አሉ። አማካሪዋ ናቸው ጣልቃ ገብተው ያስቀመጧት። ከዚያ ወዲህ መብል ቀረ፣ ወሬም ቀረ። ዓርብ እንደዚያው ከሆነችስ? ይህን ዝምታ ከእኔ አልወረሰችውም መቼም። ከአባቷ ነው፣ ነፍሱን ይማረው።

ነገሩ ምን እንደሆነ እኔ በገባኝ ልክ ልጻፈው። ሰውነታችን ውስጥ ሕዋሳቱ ደጅ ላይ የቆሙ ዘበኞች አሉ። እሷ “ተቀባይ” ነው የምትላቸው። አንዱ ዘበኛ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠ ነው፣ እንደ ሞላ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ የተሠራ። ጎኑ ላይ ትንሽ ኪስ ነገር አለችው። ባክቴሪያ ሲመጣ ከላዩ ላይ ያለው ቅባት እዚያች ኪስ ውስጥ ይገባል። ያኔ አንድ ሌላ ዘበኛ፣ ያው ራሱን የመሰለ፣ መጥቶ ይገጥመዋል። ሁለት ሲሆኑ ነው ወደ ውስጥ ጩኸት የሚለቁት። አንዱ ብቻውን አይጮህም። እኔ ይሄ ነገሩ ነው የሚገርመኝ።

ኮምፒውተሯ ላይ ሲሽከረከር ሳየው ራሴን ያዞረኛል። ለዚህ ነው ከሁለት ሳምንት በፊት ሥዕሉን ተቀብያት ለጋሽ ደምሴ የሰጠሁት። በመዳብ ሽቦ ይሥሩልኝ፣ መምህራኑ በእጃቸው ይዘው ይዩት አልኩ። ጋሽ ደምሴ የሱቃችን ወርቅ ሠሪ ናቸው። የድሮ መሥሪያቸው የነበረበት ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ደረጃውን እየረገሙ ይሠራሉ።

ረቡዕ አደርሳለሁ ብለዋል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የዛሬ ጭንቀቶቼ። ጫማዋ። ዝናቡ። ታክሲው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ ቢቀርስ? አበባ ይያዛል አይያዝም? ደግሞ ትልቁ፣ “አትምጪ” አለችኝ። “አንቺን ካየሁ አለቅሳለሁ” አለች። ሸማዬን አጥቤ አስጥቼ ነበር እኮ። ምንም አልመለስኩላትም፤ ይህም ለእኔ አንድ ጀብዱ ነው።

ከሰዓት ጋሽ ደምሴ ደወሉ። አልቋል አሉኝ፣ የሙሽራ ጉትቻ ነው የሚመስለው አሉ። ደስ ብሎኝ ለሁለት ደንበኛ ነገርኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ምን ብዬ ልጻፍ።

ጋሽ ደምሴ ያደረሱትን ጥቅል መጀመሪያ ስፈታው እንዴት ያምር ነበር። ሁለቱ ኮቴዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ጥምዙ ልቅም ብሎ፣ ኪሳቸው እንደ ፍሬ ተንጠልጥላ። ሜሪ አንዱን አነሳች። ሌላውን አነሳች። ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸውና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

“እማዬ፣ እነዚህ እኮ ግራና ቀኝ ናቸው።”

ጥንድ አይደል ታዲያ፣ አልኩ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፣ ጥምዛቸው ወደ አንድ ጎን የሚሄድ። አንዱን አዙረሽ ስታመጪው ከሌላው ጋር ይገጥማል እንጂ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል አይደለም። በመስታወት የሚታየው ዓይነት ሰውነታችን ውስጥ የለም። ፈታኙ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው፣ ገና አፌን ሳልከፍት አላወቀችውም ይለኛል አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሥዕሉ ላይ የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ ለጋሽ ደምሴ “ጥንድ አድርገው ይሥሩልኝ” ያልኩት እኔ ነኝ። ወርቅ ሠሪ ጥንድ ሲባል ደግሞ አንዱን ለቀኝ ጆሮ፣ አንዱን ለግራ ነው የሚሠራው። የጉትቻው አበባ ፊት ለፊት ካልተያየ ገዢ ይመልሰዋል።

ደወልኩላቸው። ተቀየሙ። ስንት ዓመት ስሠራ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የዞረ ጉትቻ ሥራልኝ ያለችኝ ሴት የለችም አሉ። ሰውነትሽ ውስጥ ያለውም ቢሆን መልክ ይኖረዋል እንጂ እንዲህ አይንሻፈፍም አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ለማንኛውም ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው፣ መዶሻ አልነካም ብለው ዘጉት።

ሜሪ ያለ ሞዴል አቀርባለሁ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ ወደ ኬክ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ በበዓል ቀን የሚቀመጡበትን አውቃለሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጾም ስለሆነ ሻይ ብቻ ይዘው ጥጉ ላይ ነበሩ። የተሳሳተውን ጥንድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወዲያ በይው አሉኝ።

እንደ ጸሎት ሁለት እጄን ገጥሜ አሳየኋቸው፣ እንዲህ ነው የሠሩት፣ ግራና ቀኝ አልኩ። ታዲያ አያምርም ወይ አሉ። ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም አልኩ። እንዴት እንደማስረዳ ጠፋኝና ተስፋ ቆርጬ ልሰናበታቸው እጄን ዘረጋሁ። ጨበጡኝ። ያኔ ነው የበራልኝ። እጃቸውን አልለቀቅኩም።

“ጋሽ ደምሴ፣ የሰጡኝ የትኛውን እጅ ነው?”

“ቀኜን ነዋ፣ ግራ ይሰጣል እንዴ?”

“እኔስ?”

የተጨባበጠውን እጃችንን እንደ ዕንቁ አገላብጠው አዩት። አስተናጋጇ ምን ሆነው ነው ብላ ታየናለች።

“ሁለት ቀኝ” አሉ ቀስ ብለው። “አንዱ ከወዲያ፣ አንዱ ከወዲህ። ምነው ትናንት እንዲህ አላልሽኝም?”

በዓሉን ግን አልሻሩም። ደረጃውን እየረገሙ ወጥተው ክፍሏን ከፈቱልኝና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። “እኔ ዛሬ አልሠራም። ያንቺ እንጀራ ወርቅ መሸጥ ነው፣ ሽቦ ማጠፍ ላንቺ ሥራ አይባልም። እጠፊ” አሉ። ሚካኤል ይቅር ይበለን። ትክክለኛውን አንዱን ፊቴ አስቀምጬ እያየሁ ጠመዘዝኩ፣ እሳቸው ከበርጩማቸው ሆነው ሰደቡኝ። ፒንሳው ሁለት ጣቴን ላጠው። በበዓል እሳት ስለማይነካ ኪሷን በብየዳ ፋንታ በቀጭን ሽቦ አሰርኳት። የሳቸው ሙሽራ ነው፣ የኔ ከገጠር የመጣ ሚዜ። ግን ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ነው የሚዞሩት።

ቤት ስመለስ ሜሪ አንዱን አዞረችና ገጠመችው። ገጠመ። የመጨባበጡን ነገር ነገርኳት። የታሰረውን ጣቴን ብቻ አየች። ሲመሽ፣ “ከኋላ ከተቀመጥሽና ካላወራሽ መምጣት ትችያለሽ” አለችኝ።

እራት አልበላችም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ከኋላ ተቀመጥኩ። አላወራሁም። እግዜር ምስክሬ ነው።

ግማሹን ያህል ደህና ሄደች፣ እያነበበች ነበር። ከዚያ ያ ሰውዬ፣ ያው ያ መምህር፣ መነጽሩን አውልቆ ያንኑ ጠየቃት። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ በቀላሉ አስረጂኝ አለ። ሜሪ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ የለም። መዳቡን እንደያዘች ቀረች። ነጠላዬን ነከስኩ። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብወረውርላት ብዬ ልሞት ነበር።

መዳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መምህሩ ወዳለበት ሄደችና ቀኝ እጇን ዘረጋች።

“ዶክተር፣ እባክዎ እጅዎን ይስጡኝ።”

ግራ ገባው፤ ግን ሰጣት።

“ሁለታችንም ቀኛችንን ነው የሰጠነው” አለች፣ እጁን እንደያዘች። “የኔ እጅ የእርስዎ መስታወት አይደለም። እነሱም እንዲሁ ነው የሚገናኙት።”

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ኪሷን አለች፣ ቅባቱን አለች፣ ጥምዙን አለች፣ ሞዴሉን በየእጃቸው አዞረች። የኔን ሚዜ አንደኛው መምህር አንስቶ አይቶ ይሄ ለምን ተንሻፈፈ አለ፤ በእናቴ እጅ ስለተሠራ ነው አለችው፣ ሳቁ። በመጨረሻ፣ ሰዓት አልቋል ብለው እንድታቆም ለመኗት። ያኔ ገና የኔን ልጅ መሰለችኝ።

አልፈሻል ብለዋታል፣ ግን የሚታረም ብዙ ነው። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተጥለቅልቆ ነው የመለሱላት። ያን አስተካክላ እስክታስገባ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ትላለች፣ እኔም ጭንቀቴን አልጣልኩትም። ትርፍ የቀረውን የግራውን መዳብ ጋሽ ደምሴ ወስደው ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ለመልክ እሱ ይበልጣል ይላሉ አሁንም።

ማታ ምስር አቀረብኩ። መምህሩ እጁን ሲሰጣት መዳፉ በላብ ተነክሮ እንደነበር እየነገረችኝ፣ እየሳቀች፣ አፏ ሙሉ ሆኖ ታወራለች፤ ሳህኑ ባዶ መሆኑን እንኳ ሳታይ እጇን ሰደደች። ተነስቼ ጨመርኩላት። መብልና ወሬዋን አንድ ላይ ካየሁ ወር አልፎኝ ነበር።